ገበያ ላይ የተቆጠረ ጤና

እናንተዬ፣ «ከመቶ ስንት» የሚባለውን ነገር አዲስ የተማረ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ደምሴ የሚባል የጤና ጣቢያ ድሬሰር ከተማ ሄዶ ስታቲስቲክስ ተምሮ ወደ ወረዳችን ወደ አርብ ገበያ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ጠላ ሲቀዳለት እንኳ «ከመቶ ሃያው አተላ ነው» ይላል።

ታዲያ በወረዳው ስንት ሰው የወባ ንዳድ እንደያዘው ቆጥሮ እንዲጽፍ ታዘዘ። መድኃኒት የሚላከው እሱ በጻፈው ልክ ነው። በገበያው ቀን መግቢያው ላይ ቆሞ መቶ ሰው ጠየቀ፤ የታመሙት ሁለት ብቻ ሆኑ። ወረቀት ላይ ከሰፈረ ማን ይከራከራል?

«እንዴት ያለ ጤነኛ አገር ነው!» ብሎ ወረቀቱን ሊያሽግ ሲል፣ ገብስ የጫነ አህያ የሚነዱት እማማ ጥሩነሽ አጠገቡ ቆሙ።

«ልጄ፣ ባሌ በንዳድ ተኝቷል። ጻፍከው?»

«እሳቸው ዛሬ ገበያ መጥተዋል?»

«ቢችልማ አህያውን እኔ እነዳ ነበር?»

ደምሴ ወረቀቱን ቀደደው። በማግስቱ ጠበል ቦታ ሄዶ ቆጠረና «አገሩ አልቋል!» እያለ መጣ።

«ጤነኛ ሰው ጠበል ምን ይሠራል? ይልቅ ቤት ለቤት ዙር!» አሉት እማማ።

ዞረ። መድኃኒቱም መጣ። ከሳምንታት በኋላ አህያውን ወደ ገበያ የነዱት ባልየው ነበሩ። ደምሴ በደስታ «አንድ ጤነኛ!» ብሎ እስክሪብቶውን ሲያወጣ፣ እማማ ከኋላ ጮኹ፦

«ተው ልጄ፣ ደግሞ ገበያ ላይ ጀመርክ?»