ለኮዱ ጠላት ተፈለገ

የእድራችንን ገንዘብ ያዳነው ጠብ ነው። እርቅ ሊያጠፋው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሐል ሜዳው ልጅ ጌታነህ ኮምፒውተር ተምሮ መጣና የእድሩን ገንዘብ በክሪፕቶ፣ ማለትም በኢንተርኔት ገንዘብ፣ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ጻፈ። ይህ ገንዘብ ቀባሪያችን ነው። ከጠፋ ሬሳችን ሜዳ ይቀራል። "ግድ የላችሁም፣ ኮዱ በገለልተኛ ባለሙያ ተመርምሯል" አለን። ባለሙያው ማነው ብንል የዶርም ጓደኛው ሆኖ ተገኘ።

ሰብሳቢያችን ጋሽ ተሰማ ሳቁ። "አንተ ልጅ፣ በግ ስንገዛ የሻጩን ወዳጅ ጠይቀን እናውቃለን?"

አናውቅም። በእኛ ዘንድ የበግ ነውር የሚጠየቀው የሻጩ ባለጋራ ነው። እኔም በወጣትነቴ ጓሳ በሚባለው የጋራ ሜዳችን ላይ ሣር ጠባቂ ነበርኩ። ጎበዝ ስለሆንኩ የመረጡኝ እንዳይመስላችሁ። በአገሩ አንድም ዘመድ ስላልነበረኝ ነው። ለማን አዳላለሁ? ብርዱንና ረሃቡን ልተወው፤ ማውራት አልወድም።

ወደ ኮዱ። ለጌታነህ ጠላት ተፈለገ። ገንዘብ ያዣችን እትዬ አሰለፈች አላጡም። "ሞላሌ ከተማ ሞባይል የሚጠግነው ሀብታሙ አለ አይደል? በእጮኛ ተጣልተዋል፤ ኮድም ያውቃል" አሉ። ሀብታሙ ሰርግ እንደተጠራ ሰው እየሮጠ መጣ። አነበበ። ሲጨርስ ፊቱ በርቶ፣ "የኋላ በር አለው! ጻፊው ብቻውን ሁሉንም ማውጣት ይችላል" አለን።

ጌታነህን ላብ አጠመቀው። "ለሙከራ የከፈትኩት ነው፤ መዝጋቱን ረሳሁ" አለ። አመንኩት። ጓደኛውስ እንዴት አላየውም? ጓደኛው ያነበበው ኮዱን ሳይሆን ጌታነህን ነበራ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር ይባል የለ? የወዳጅ ገንፎም ገንፎ ነው።

በሩን ለመዝጋት ሁለቱ አብረው ተቀመጡ። ያኔ ጉድ ፈላ። መጀመሪያ ተሰዳደቡ፣ ቀጥሎ ተሳሳቁ፣ በመጨረሻ በአንድ ትሪ ሽሮ በሉ። ሀብታሙ ተመልሶ፣ "አሁን ኮዱ ንጹሕ ነው፤ ወንድሜ አበጅቶታል" አለ።

ወንድሜ! ጉባኤው አጉረመረመ። ሌላ ጠላት ይፈለግ ተባለ። ኮድ የሚያነብ ጠላት እንደ ገብስ አይበቅል፣ ከየት ይምጣ?

ሁለቱ ደብረ ብርሃን ገብተው የሰው ኮድ የሚመረምሩበት ቢሮ ከፈቱ አሉ። ሌላ ጠላት ስላልተገኘ ገንዘባችንም በድሮው ባለ ሁለት ቁልፍ ሳጥን ውስጥ ቀረ። ሁለቱ ቁልፎች ካልተገናኙ አይከፈትም። ቁልፍ ይዘው የቀሩት ጋሽ ተሰማና እትዬ አሰለፈች ናቸው። ተመስገን፣ ከተጣሉ ወዲህ እስካሁን አይነጋገሩም።