በባልዲ የሚፈርዱት ጋሽ ቦጋለ

በየሰፈሩ ሳይጠየቅ የሚመረምር አንድ ሰው አይጠፋም። ሥጋ ያሸታል፣ ጨርቅ በክብሪት ይለኩሳል፣ ሐብሐብ አንኳኩቶ ጆሮውን ይለጥፋል። የእኛ የጎጃም በረንዳው ግን በውሃ ነው የሚፈርዱት። ክቡር ጋሽ ቦጋለ ምስር ይቸረችራሉ፤ ዋና ሥራቸው ግን ሱቃቸው ደጃፍ ያለው ባልዲ ነው።

መመሪያቸው አጭር ነው፤ «ውሃ አይዋሽም።» ነቀዝ የበላው ምስር ይንሳፈፋል። ንጹሕ ማር ጠብታው ሳይበተን ቁልቁል ይወርዳል። ምሥማር ሰምጦ መርከብ ለምን እንደሚንሳፈፍ የጠየቃቸውን ሰው፣ «መርከብ ሆዱ ባዶ ነው፣ አየር ነው የሞላው፤ ምሥማር ድፍን ነው» እያሉ ምሳውን ያስረሱታል። ጎረቤታችን ዳኒ አዲስ ስልኩን ሊያሳያቸው መጣ። ተቀብለው ባልዲው ውስጥ ጨመሩት። ሰመጠ። «ክብደት አለው፣ ኦርጅናል ነው» አሉ። ስልኩ ከዚያ ወዲህ አልበራም።

እትዬ ማሚቱ ከጋሽ ቦጋለ ፊት ለፊት እንቁላል ይሸጣሉ። ሁለት ወር ሙሉ በጾም ገበያ አጥተው የከረሙት የፋሲካን ዋዜማ ቅዳሜ ተስፋ አድርገው ነው። ዘንድሮም ለዶሮ ወጡ የሚሆን እንቁላል ፈላጊው ተሰልፎላቸው ነበር። ጋሽ ቦጋለ ማንም ሳይጠራቸው ተነሱና፣ «ቆዩ እስቲ፣ ልፈትነው» አሉ።

የራሳቸው ባልዲ ጠዋት ተሰንጥቆ ስለነበር ከጨው ነጋዴው ከጠይብ ተዋሱ። ውሃ ሞሉ፣ በእጃቸው አማሰሉ፣ ሦስት እንቁላል ጨመሩ። ሦስቱም ተንሳፍፈው ቀሩ።

እንቁላል ሲያረጅ ውስጡ አየር እየያዘ እንደሚንሳፈፍ መርካቶ ውስጥ የማያውቅ የለም። «ሰንብቷል ማሚቱ፤ አንቺንም አታለውሽ ይሆናል» አሉ። ሰልፉ ወዲያው ተበተነ።

እትዬ ማሚቱ አልጮሁም። «የትናንት እንቁላል ነው፤ ምን አደረግኩዎት ጋሽ ቦጋለ? በዛሬ ቀን?» ብለው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እኔ በበኩሌ ብግን አልኩ።

ይሄኔ ጠይብ ባልዲውን ሊወስድ መጣ። «ጋሼ፣ ታቹ ላይ የጋገረውን ጨው ሳያጥቡ ነው እንዴ የሞሉት?» አለ። «ጨው የበዛበት ውሃ እኮ ይከብዳል። የከበደ ውሃ ደግሞ ደህናውንም እንቁላል ይሸከማል።»

ጋሽ ቦጋለ በየዓመቱ ያከፍላሉ፤ ከዓርብ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም ነበር። ጠይብን ቅመስልኝ ማለት ይችሉ ነበር። ሁላችንም እያየን ጣታቸውን ነክረው ራሳቸው ቀመሱ። «ጨው ነው» አሉ። አክፍሎታቸው እዚያው ላይ ፈረሰ።

ባልዲውን አጥበው ንጹሕ ውሃ ሞሉ። ሦስቱም እንቁላሎች ታች ሄደው ተኙ። ከዚያ በኋላ ምስራቸውን ትተው፣ በዚያ በደረቀ ጉሮሯቸው፣ እስኪመሽ መንገዱ መሀል ቆመው ተጣሩ፤ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት! እንቁላሉ ደህና ነው!» ሰዉም እየተመለሰ ገዛ።

ወደ ማምሻው ላይ እኔም ቀረብ ብዬ፣ «ጋሽ ቦጋለ፣ እንቁላሉ ትኩስ ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው። «እሳቸውን ጠይቅ።»

እሳቸው ያሉት ሃያ ዓመት «አንቺ» ሲሏቸው የኖሩትን ማሚቱን ነው። እኚህን ሰውዬ ለካ እወዳቸዋለሁ። ቤታችን ውስጥ ሁለት ነን፤ ሠላሳ እንቁላል ገዝቼ ሄድኩ።