ሊቀ ጭብጥና የቀባሁት ግድግዳ

ስለዚህ ሰው መጀመሪያ የነገረችኝ የልጅ ልጄ ናት፤ ያውም እያለቀሰች። እኔ ግን ሳላያቸው አወቅኳቸው። በየትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለ አስተማሪ አንድ አይጠፋም፤ መልአክ ወርዶ ቢታያቸው "ክንፉ ደህና ነው፣ ጭብጡ የታለ?" የሚሉ። የሥዕል አስተማሪዋ ናቸው። ተማሪዎቹ ሊቀ ጭብጥ ይሏቸዋል፤ እኔም የሰው ማዕረግ መቀነስ አልወድም።

ልጅቱ ኮሌጅ ለመግባት ፖርትፎሊዮ የሚሉት ነገር ያስፈልጋታል። አሥር ሥዕል፣ አንድ ትልቅ ማህደር ውስጥ፣ ሁሉም በአንድ ሐሳብ የተያያዘ። በዚያ ላይ "የማን ተጽዕኖ አለብሽ?" ለሚለው አንድ ገጽ መልስ። ሊቀ ጭብጥ እስከ ዓርብ ካልፈረሙበት ፈተናው ላይ አትቀርብም። በእኛ ጊዜ ብሩሽ ይሰጡሃል፣ ግድግዳ ያሳዩሃል፣ አለቀ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የዚህን ከተማ ግማሽ ግን የቀባሁት እኔ ነኝ። የባንኩን ጣሪያ የቀባሁ ቀን ሥራ አስኪያጁ ሲያንጋጥጥ ውሎ አንገቱ እንደዚያው ቀርቶ... እሱን እንኳ ተዉት።

ወደ ሊቀ ጭብጥ ልመለስ። አትክልት ሻጯ ቲማቲም ደርድራ ካገኟት "ቀዩ በዛ፣ ትንሽ አረንጓዴ ጣል አድርጊበት" ብለው ቃሪያዋን ሲያዘዋውሩ ገበያዋን ያስፈቷታል። ለቅሶ ቤት ገብተው እንኳ የሟቹን ፎቶ ትክ ብለው አዩና "ነፍስ ይማር፤ ግን ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?" አሉ። የሟች እህት "ከላይ ነዋ፣ ከየት ይምጣ!" ብላ ወንበራቸውን ወደ በሩ አዞረችላቸው።

ልጅቱ መጀመሪያ የሆነ የባሕር ማዶ ሠዓሊ ስም ጽፋ ሄደች።

"የዚህን ሰውዬ ሥዕል በዓይንሽ አይተሻል?"

"በስልኬ፣ ቲቸር።"

"እንግዲያው ተጽዕኖ ያደረገብሽ ስልክሽ ነው! ሂጂ፣ ያደግሽበትን አምጪ።"

ያደገችበት ምን አለ? ግድግዳ። እኔ አሮጌ ቤት ስፍቅ አጠገቤ እየዋለች ነው ያደገችው፤ አረንጓዴው ሲነሳ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ሲነሳ ሮዝ። አሥሩንም ከዚያ ሣለችው፤ እየደረበች፣ እየፋቀች። ሊቀ ጭብጥ አንድ ባንድ አዩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭብጡ የታለ አላሉም። የክፍሉን ግድግዳ ደገፍ ብለው "ከማን ወሰድሽው?" አሉ።

"ከአያቴ። ቀለም ቀቢ ነው።"

"ሥራውን አሳዪኛ።"

"ተደግፈውታል እኮ፣ ቲቸር።"

እሳት የነካቸው ይመስል ከግድግዳው ተፈናጠሩ። ለካ እዚያ ግድግዳ ፊት ተማሪ እያቆሙ "ስንት ዓይነት ነጭ ይታያችኋል? ቁጠሩ!" ሲሉ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረዋል። "ነገ አያትሽን ይዘሽ ነይ፣ አሠራሩን ሳልሰማ አልፈርምም" አሏት።

ኮቴን ለብሼ፣ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

"አባቴ፣ እነዚህን የግድግዳውን ሦስት ነጮች እንዴት አመጧቸው?"

"ጥበብ ነው፣ መምህር። ከእጅ ነው።"

"ከእጅስ ከእጅ ነው። ምን ከምን ጋር ቀላቀሉ? እሷ ፈታኞቹ ፊት ቀላቅላ ታሳያለች።"

ልጅቱን አየኋት። እርሳሷን ይዛ የምለውን ልትጽፍ ትጠብቃለች። እኔ ልዋሽ ስል አፌ እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ግን ውሸቴን ይዛ ፈታኝ ፊት የምትቆመው እሷ ናት።

"መምህር" አልኩ፣ "ከትምህርት ቤቱ የስድስት ጣሳ ሒሳብ ተቀብዬ ሦስት ገዛሁ። መሀል ላይ ሲያልቅብኝ ከሌላ ሰው ቤት የተረፈኝን፣ ክሬሙንም አመዳሙንም፣ ደባልቄ ሸፈንኩት።"

ልጅቱ ቀና አላለችም። ሊቀ ጭብጥ መነጽራቸውን አወለቁ።

"አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠዋት ብርሃን ነው እያልኩ አስተማርኩ!"

ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ ግድግዳውን ይዘው ሳቁ። "ጻፊ ልጄ። ጭብጥ፦ ያልበቃ ቀለም። ተጽዕኖ፦ አያቴ። የነገሩሽን አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ።" ፈረሙላት። በሩ ጋ ስደርስ ግን ጠሩኝ። "ሦስቱ ጣሳ ዕዳ ነው፣ አባቴ።"

በማግስቱ ሦስት አዲስ ነጭ ገዝቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ተሸክሜ ወሰድኩላቸው። ክዳኑን ከፍተው ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

"ይሄ የሱቅ ነጭ ነው። ሦስቱም አንድ ናቸው። ትርፍራፊ የለዎትም?"

ተመልሼ አልጋ ሥር ገብቼ ክዳናቸው የዛገ ሦስት ግማሽ ጣሳ ጎትቼ አመጣሁላቸው። ሲያዩዋቸው እንደ ሙሽራ ፈኩ። እኔ ሰው ቶሎ አልወድም፤ ነገር ግን ነጭን ከነጭ የሚለይ ሰው በዕድሜዬ ሁለት ብቻ ነው ያየሁት፣ አንዱ እኔ ነኝ።

"አሁን ተከፈለ" አሉ።

አዲሶቹን ጣሳዎች አልመለሱልኝም። እኔም አልጠየቅኳቸው።