ሰው የለም ወይ?

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። እናንተስ ስንት ጊዜ ነው ምንም ሳትሰሙ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ «እሺ» ያላችሁት? ጌም የሚሠራ ሰው በዚህ አይታማም። ድምፅ ከመጠበቁ በፊት ኮምፒዩተሩን «ለመሆኑ ጆሮ አለህ? በየትኛው ማይክሮፎን ነው የምትሰማው?» ብሎ ይጠይቀዋል።

የአክስቴ ልጅ ጦይባና እኔ፣ ደሴ በተከራየኋት ክፍል በድምፅ የሚጫወቱት ጌም እየሠራን ነበር፤ ጭጋግ ውስጥ የጠፋች ላም ተጫዋቹ ሲጣራት ትመጣለች። ጦይባ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ስትመጣ፣ መጀመሪያ ብቻቸውን ለሚኖሩት ጎረቤቴ ለአባ ይማም ዳቦ ታደርሳለች። የዚያን ዕለትም አድርሳ መጣችና ሙከራ ጀመርን። ከሰዓት በኋላ ነው፤ እውነተኛው የደሴ ጭጋግ መስኮታችንን ሸፍኖታል።

ማሽኑ ዝምታን እንዲለካ ሁለታችንም ጸጥ አልን። ስክሪኑ ላይ ያለው አረንጓዴ መስመር መተኛት ነበረበት።

ተነሣ።

«ተነፈስክ?» አለች ጦይባ።

«እንኳን ልተነፍስ!»

የላፕቶፑን ማይክሮፎን በጣቴ ደፈንኩት። መስመሩ እንደገና ተነሣ። ድምፁን ስከፍተው መጀመሪያ እንደ ንፋስ ሽው አለ፤ ቀጥሎ የደከመ የወንድ ድምፅ፣ «ሰው የለም ወይ?» አለ።

«አዑዙ ቢላህ!» ጦይባ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሣች።

እኔ ማሽኑ በምን እንደሚሰማ አየሁ። በጦይባ ገመድ አልባ ኢርፎን ማይክሮፎን ነው! ባለፈው ከላፕቶፔ ጋር አገናኝተነው ነበር።

«ኢርፎንሽስ?»

ኪሷን ዳበሰች። ፊቷ አመድ መሰለ። «አባ ይማም ዘንድ ረስቼዋለሁ!»

ሮጥን። በሩ አልከፈት አለ፤ ከኋላው ከባድ ነገር ተጋድሞበታል። ቀስ ብለን ገፍተን ስንገባ አባ ይማም ወድቀው፣ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው አገኘናቸው። «አብሽሩ አባ!» እያልን በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሙ «ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

ሰንበት ብሎ አንደበታቸው ሲፈታ ልንጠይቃቸው ሄድን።

«አባ፣ እርስዎ ሲጣሩ እኮ በኮምፒዩተር ነው የሰማንዎ» አለቻቸው ጦይባ።

ትክ ብለው አዩዋት። «እኔማ መች ተጣራሁ ልጄ? ምላሴ ታስሮ፣ በልቤ ‹ያ ረቢ› ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልወጣኝም። ያን የሚጣራውን ግን እኔም ሰምቼዋለሁ። እናንተ ዘንድ የመጣ እንግዳ መስሎኝ ነበር።»

ጦይባና እኔ ተያየን። ደጅ ስንደርስ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣

«ማንም ይሁን ማን፣ ደግ ውሏል፤ አንመርምረው» አለችኝ።

አልመረመርነውም።