ዝናቡ የእሱ፣ ጃንጥላው የእኔ

አጎቴ መቼ ነው የሚተኛው? አንድ ቤት አብረን ኖረን ይህን መመለስ አልቻልኩም።

በየቤተሰቡ «የእኔ ሐሳብ ነው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ የደረሰን ክቡር ባለመብት አጎቴ ነው። እኔ ማንበብ የምችለው ሌሊት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ዳኛ ፊት የቆመ ይመስል ብቻውን ሲከራከር ያነጋል። አንድ ቀን የያዝኩትን ልብ ወለድ ከእጄ ነጥቆ ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ «ይሄም ከእኔ የተሰረቀ ነው» አለ። መጽሐፉ የታተመው እሱ ከመወለዱ በፊት ነው።

እርግጥ አንድ ጊዜ በእውነት ተሰርቋል። የሰላይ ታሪክ ጽፎ ለዳይሬክተር ጓደኛው ሰጠ። ፊልሙ ሲወጣ ደራሲ ተብሎ የተጻፈው የጓደኛው ስም ሆነ። ከሰሰ። ትዳር የሚይዝበትን ዕድሜ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ጨረሰው። በመጨረሻ ተፈረደለት፦ ታሪኩ የአጎቴ፣ ዳይሬክተሩ ሲቀርጽ የጨመረው ሁሉ የዳይሬክተሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ቤቱ ይገባል። የእኛው ጉድ ግን ያንኑ ፊልም እንደገና ካልሠራሁ ብሎ ተነሣ።

የቀረጻው ዕለት ሰላዩ ጃንጥላውን ዘርግቶ መንገድ ሊሻገር ሲል ዝናብ ወረደ። ካሜራማኑ በደስታ፣ «ጋሼ፣ እንዴት ያለ ዕድል ነው!» አለ።

«አቁም!» ብሎ ጮኸ አጎቴ። «ዝናቡ የእሱ ነው!»

በመጀመሪያው ፊልም ላይ ዝናቡን የጨመረው ዳይሬክተሩ ነበርና።

«እንግዲያው ጃንጥላውም ይቅራ» አልኩ።

«ጃንጥላው የእኔ ነው! ጽሑፌ ላይ አለ!»

በስብሰን ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቅን። ከዚያ ሰላዩ በጠራራ ፀሐይ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ ተሻገረ፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። የተደበቀ ሰላይ ማለት ይኼ ነው እንግዲህ! ደሜ ፈላ።

«ጋሼ፣ ሰው ይስቅብሃል።»

«ይሳቅ። ሳቁም የእኔ ነው።»

ፊልሙ የታየ ዕለት እያጉረመረምኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስሙ ብቻውን ሸራው ላይ ወጣ። «አየህ?» አለኝ በሹክሹክታ። እሱ ሹክ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ጃንጥላው ሲመጣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሁን ተነሥቶ ይሳደባል ብዬ ዞር ስል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ያንኮራፋል። ከኋላችን የተቀመጠ ጎረምሳ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ወንድም፣ ሰውየውን ቀስቅሰው እንጂ! ፊልሙን እንይ።»

«አልቀሰቅሰውም!» ብዬ አፈጠጥኩበት። «ፊልሙ የእሱ ነው።»

አጎቴ ሲተኛ ያየሁት ያኔ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።