የዶክተሩ «ባዕድ»

ማህተም ያረፈበት ወረቀት ሲናገር ሰው ዝም ይላል። የታመመው ሰውዬ እንኳ መታመሙን ይጠራጠራል። እኔ ያለ ወረቀትም ዝም የምል ሰው ነኝ፤ ከሦስተኛ ክፍል ወዲህ ንግግሬ የበዛው ከበሬ ጋር ስለሆነ ይሆናል። በአንድ ወረቀት ላይ ግን አፌን ከፍቻለሁ።

የሊባኖስ ጦርነት ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤይሩት አጠገብ ባዕብዳ በምትባል ከተማ፣ አንድ ቪላ ውስጥ አትክልተኛ ነበርኩ። ልጄ ፋንታዬ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ እኔንም ያስመጣችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ውሻውን አጥባ ስትወጣ ከጉልበቷ ጀርባ መዥገር ነቀልኩላት። ለማንም አልተናገርኩም። መዥገር ደግሞ ምን ወሬ አለው?

በሳምንቱ ትኩሳት ጣላት፤ ገላዋ ቀይ ነጠብጣብ ለበሰ። መዥገሩ የነበረበት ቦታ ሲጋራ እንደተተኮሰበት ጠቁሯል። አሠሪያችን ማዳም የልጄን ደም አስመረመረች። የመዥገር በሽታ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ወረቀቱ «የለም» አለ።

«የመዥገር ካልሆነ ተላላፊ ነው» አለች ማዳም ከደጃፍ ቆማ። «ልጆች አሉኝ። ኸላስ፣ በቃ፣ አገሯ ትግባ።»

የፋንታዬ ወንድሞች የሚማሩት በእሷ ነው። ሻንጣዋ ከአልጋ ሥር ወጣ።

«መጀመሪያ ዶክተር ይያት» አልኩ። ማዳምን እያስከተልን ሀደት ከተማ ወዳለ ክሊኒክ ወረድን። ዶክተሩ ወረቀቱን አየ፣ ጥቁሩን ቁስል አየና «ባዕድ፣ ባዕድ» አለ።

ደሜ ፈላ። ባዕድ መሆናችንን ለማወቅ ደም መቅዳት ያስፈልግ ነበር?

«ባዕድስ ብንሆን ሰው አይደለንም?» አልኩት በአማርኛ።

ፋንታዬ በዚያ ትኩሳት ላይ ሳቀች። «አባዬ፣ በእነሱ አፍ ‹ገና› ማለት ነው። በሽታውን የሚዋጋው ነገር ደሜ ውስጥ ገና አልታየም ነው የሚለው።»

ገና ከሆነማ እኔም ገበሬ ነኝ። ትናንት የዘራሁትን ማሳ ዛሬ አይታችሁ አልተዘራም ትሉኛላችሁ? የነቀልኩትን መዥገር ያኔ ተናገርኩ። ዶክተሩ ቁስሉና መዥገሩ ይበቁኛል ብሎ መድኃኒት ጻፈ፤ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ለማዳም አስረዳት፤ ደሟም ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይታይ አለ። ሻንጣው ወደ አልጋው ሥር ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። ሁለተኛው ወረቀት የመጣው እሷ እያንጎራጎረች መስኮት ስትወለውል ነው። «አለ» ይላል።

ማዳም ክው አለች። «ሀራም፣ ምስኪን፣ ታማለች» ብላ ጨርቁን ከእጇ ነጠቀችና በግድ አስተኛቻት። ሾርባ ራሷ ሠርታ አመጣችላት።

«አባዬ፣ ድኛለሁ በላት እንጂ» አለችኝ ፋንታዬ ከትራሷ ላይ።

«ባዕድ» አልኳት። «መጀመሪያ ሾርባውን ጨርሺ።»