ዘጠኝ ጊዜ የተወዛወዘው ወገብ ጉዳይ

የደባርቅ ከተማ የዘፈን ክሊፕ ሥነ ምግባር ጊዜያዊ ኮሚቴ የመጀመሪያ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ከመናኸሪያው በላይ ያለው የመሰብሰቢያ አዳራሽ
የተጠራበት ሰዓት፦ ጠዋት 3፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 4፡20

የተገኙ፦
1. አቶ ገሠሠ፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ ሰብሳቢ
2. መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል፣ የሃይማኖት አባቶች ተወካይ
3. ወ/ሮ እሌኒ፣ ልብስ ሰፊ፣ የሴቶች ተወካይ
4. አቶ ሙሌ፣ ሞባይል ጠጋኝ፣ የወጣቶች ተወካይ
5. አቶ ያርጋል፣ ገበሬ፣ የአገር ሽማግሌዎች ተወካይ
6. ፀጋው፣ የአማርኛ መምህር፣ ድምፅ የማይሰጥ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ እንዳለው፣ የነጋዴዎች ተወካይ፣ ዳባት ሠርግ ስላለባቸው።

ጉዳዩ ስለሚመለከታት የተጠራች፦ ድምፃዊት ሰገነት። ከ3፡00 ጀምሮ በበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ ድምፅ ካላቸው ስድስት አባላት አምስቱ ካልተገኙ ስብሰባው አይጀመርም። መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ክሊፑን ላለማየት ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ስለ ተቀመጡ፣ እንደ ተገኙ ይቆጠራሉ ወይ የሚል ጥያቄ ከአቶ ሙሌ ቀረበ። ሰብሳቢው ደንቡ ሰው መገኘቱን እንጂ በየት በኩል መገኘቱን እንደማይጠይቅ አስረዱ። አቶ ያርጋል ከገጠር በእግራቸው መጥተው 4፡15 ላይ ሲገቡ ቁጥሩ ተሟላ።

የጉዳዩ መነሻ፦ ድምፃዊት ሰገነት በብርድ ወራት ጋቢዋን ተውሶ ስለ ጠፋ ፍቅረኛ ዘፍናለች። ለዘፈኑ ገዱ የሚባል ከሌላ ከተማ የመጣ ባለካሜራ ክሊፕ ሠርቶለት፣ ከሁለት ሳምንት በፊት በዩቲዩብ ተለቋል። በክሊፑ ውስጥ ድምፃዊቷ ገደል አፋፍ ላይ በጅብራ ተክሎች መካከል ቆማ ትዘፍናለች። በመሃል በመሃሉ ግን ቀሚሷ ከገላዋ ጋር የተጣበቀ ሴት ወንዝ ውስጥ ሆና ወገቧን ስታወዛውዝ ከጀርባዋ ትታያለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ድምፃዊቷ ወገብ በከተማው ብዙ ተወርቷል። ኮሚቴው የተቋቋመው ክሊፑ በመጪው ቅዳሜ በከተማው የባህል ቀን ይታይ እንደሆነ፣ ድምፃዊቷም በዕለቱ ትዘፍን እንደሆነ ለመወሰን ነው።

አጀንዳ 1፦ ክሊፑን ኮሚቴው ይየው ወይስ አይየው

ወ/ሮ እሌኒ ክሊፑ ለዓይን የማይገባ ከሆነ ለኮሚቴውም ዓይን አይገባም አሉ። አቶ ሙሌ ሳያዩ መፍረድ አይቻልም አለ። ሰብሳቢው ሁለቱም ልክ መሆናቸውን ገልጸው፣ ችግሩም ይኸው መሆኑን አከሉ። መሪጌታ በበኩላቸው እሳቸው ባያዩም ምን እንደሚታይ ማወቅ ስላለባቸው ጸሐፊው እያየ እንዲነግራቸው ጠየቁ።

ረዘም ያለ ውይይት ከተደረገ በኋላ አባላቱ ክሊፑን በኮሚቴ ዓይን እንጂ በግል ዓይን እንዳያዩ ተወሰነ። (ውሳኔ 1፣ በሙሉ ድምፅ)

ክሊፑ ግድግዳው ላይ ታየ። ጸሐፊው ለመሪጌታ እንዲህ ሲል አሰማ፦ «አሁን ገደሉ አፋፍ ላይ ናት፣ በቀሚሷ ላይ ካፖርት ለብሳለች። ከኋላዋ ጭላዳ ዝንጀሮዎች አሉ። አሁን ወንዝ ነው። አሁንም ወንዝ ነው።» መሪጌታ «ጭላዳዎቹ ምን ይላሉ?» ብለው ጠየቁ። ሣር እየጋጡ መሆናቸው ተነገራቸው። ወንዙ ግን ትንሽ በዛ ብለዋል።

በዚህ ጊዜ ድምፃዊቷ እጇን አወጣች። ሰብሳቢው የድምፃዊት አስተያየት የሚባል አጀንዳ አለመያዙን፣ ሐሳብ ካላት «ልዩ ልዩ» ላይ እንደሚታይላት ገለጹላት።

አጀንዳ 2፦ የወገብ እንቅስቃሴ መለኪያ ስለ ማውጣት

ሰብሳቢው ያለ መለኪያ መፍረድ አድልዎ ያመጣል አሉ። ወገብ እስከ ሦስት ጊዜ ቢወዛወዝ ባህል፣ ከአራተኛው ጀምሮ ግን ሌላ ነገር ተብሎ እንዲያዝ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ እሌኒ ሠርግ ላይ ማን ሦስት ላይ ያቆማል ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ሠርግ በሌላ ደንብ እንደሚታይ መለሱ። ሐሳቡ በአራት ድምፅ ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረጉት አቶ ያርጋል ናቸው። (ውሳኔ 2)

ቆጠራ ተጀመረ። ሰብሳቢው ዘጠኝ፣ አቶ ሙሌ አሥራ አንድ አገኙ። ልዩነቱን ለማጣራት ክሊፑ ለሦስተኛ ጊዜ ታየ። ሰብሳቢው አሁንም ዘጠኝ፣ አቶ ሙሌ አሁንም አሥራ አንድ። ለአራተኛ ጊዜ ሲታይ ወ/ሮ እሌኒ በሜትራቸው ላይ በጣታቸው እየያዙ ቆጥረው ዘጠኝ መሆኑን አረጋገጡ። አቶ ሙሌ ሁለቱ የውኃው እንደነበሩ አመነ።

አጀንዳ 3፦ ወገቡን ስለ መሸፈን

አቶ ሙሌ በላፕቶፑ ብዥ ማድረግ እንደሚችል ተናገረ። መሪጌታ ብዥ ያለ ነገር ሰውን ይበልጥ ያስመኛል ሲሉ ተቃወሙ። ሰብሳቢው የኮሚቴው ማኅተም በወገቡ ላይ ቢደረግ ነገሩ መሸፈኑንም፣ የሸፈነው አካል ማን መሆኑንም በአንድ ጊዜ ያሳያል አሉ። ሐሳቡ ተደገፈ። (ውሳኔ 3)

አቶ ሙሌ ማኅተሙን በስልኩ አንሥቶ ወገቡ ላይ ለጥፎ አሳየ። ማኅተሙ ወገቡን እየተከተለ ዘጠኝ ጊዜ ተወዛወዘ። ወ/ሮ እሌኒ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ሰብሳቢው የመንግሥት ማኅተም በዚህ ሁኔታ መታየቱ ለሥራው ክብር እንደማይበጅ ገልጸው፣ ማኅተሙ ባለበት ቆሞ እንዲቀር አዘዙ። ለስድስተኛ ጊዜ ሲታይ ማኅተሙ ቆመ፣ ወገቡ ግን በግራና በቀኝ እየወጣ ይገባ ነበር። መሪጌታ አዳራሹ ለምን ጸጥ እንዳለ ጠየቁ።

አጀንዳ 4፦ በድምፃዊቷ ላይ ስለሚወሰድ እርምጃ

ሰብሳቢው ዘጠኝ ከሦስት እንደሚበልጥ አስታውሰው፣ ድምፃዊቷ በባህል ቀን እንዳትዘፍንና ለከተማው ሕዝብ የይቅርታ ደብዳቤ እንድትጽፍ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ እሌኒ ልጅቱ የወጣቶቹን የባህል ቡድን የምታለማምድ በመሆኗ ቡድኑ ይበተናል ብለው ተከራከሩ። በሦስት ለአንድ ድምፅ ተወሰነ። (ውሳኔ 4) ድምፃዊቷ አቀርቅራ ነበር። አቶ ያርጋል አሁንም ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ።

ሰብሳቢው አቶ ያርጋል ከጠዋት ጀምሮ ሐሳብ ያልሰጡት ድካም ተሰምቷቸው እንደሆነ በአክብሮት ጠየቋቸው። አቶ ያርጋል ደህና መሆናቸውን ገልጸው እንዲህ አሉ፦

«ያን ዛፍ አንድ ጊዜ አሳዩኝ።»

የትኛውን ዛፍ እንደሆነ ተጠየቁ። «ከወንዙ ዳር ያለውን ነዋ። እናንተ ሴትዮዋን ስታዩ እኔ ዛፉን ነው የማይ የነበረ» ሲሉ መለሱ። ክሊፑ ለሰባተኛ ጊዜ ተከፍቶ ወንዙ ላይ እንዲቆም ተደረገ። አቶ ያርጋል ተነሥተው ወደ ግድግዳው ቀረቡና ዛፉን በዱላቸው ነኩት።

«ይህ ማንጎ ነው። እኛ አገር ማንጎ በካርቶን ነው የሚመጣ፤ ቆሞ አይቼው አላውቅም። ይህ ወንዝ ቆላ ነው፤ ወደ ዛሪማ ነው። ደግሞስ ዘፈኑ በረደኝ ይላል። የበረዳት ሰው ወንዝ ትገባለች?»

ወ/ሮ እሌኒ መነጽራቸውን አድርገው ቀሚሱን ተመለከቱ። የሰገነትን የክሊፕ ቀሚስ የሰፉት እሳቸው መሆናቸውን፣ የጥለቱ ክር አረንጓዴ እንደነበርና ወንዝ ውስጥ ያለው ግን ሰማያዊ መሆኑን ለጉባኤው አስረዱ። ይህን እስካሁን ለምን እንዳልተናገሩ ሲጠየቁ «ስቆጥር ነበራ» ብለዋል።

ሰብሳቢው ጉዳዩ በአጀንዳ ያልተያዘ በመሆኑ ወደሚቀጥለው ስብሰባ እንዲተላለፍ ሐሳብ አቀረቡ። መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ከግድግዳው ሳይዞሩ ተናገሩ፦

«ፈጣሪ ሁሉን እያወቀ አዳምን ወዴት ነህ ብሎ ጠይቆታል። እኛ ምንም ሳናውቅ ልጅቱን አንድ ቃል አልጠየቅናትም። ይህ የሚያስጠይቀን ነው።»

ሰብሳቢው ለድምፃዊቷ የመናገር ዕድል ሰጡ።

ወይዘሪት ሰገነት ተነሥተው እንዲህ ሲሉ አስረዱ፦ «ሰባት ጊዜ ስታዩት ቆጥሬያለሁ። አንድ ጊዜ ብትጠይቁኝ ይበቃ ነበር። እኔ ሁለት ቀን ብርድ ላይ ቆሜ ዘፍኛለሁ፤ ከንፈሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ባለካሜራው ሳይለቀቅ አሳይሻለሁ ብሎኝ ሳያሳየኝ ለቀቀው። ከእናቴ ጋር እኩል ነው ያየሁት። እናቴ አንድ ጊዜ አይታ ይህ ወገብ ያንቺ አይደለም፣ የወለድኩትን አላጣውም አለችኝ። እናቴን ኮሚቴ አላደረጋችኋትም እንጂ።»

ይህን ቀደም ብለው በጽሑፍ ለምን እንዳላሳወቁ ተጠየቁ። ከአሥር ቀን በፊት ማመልከቻ ማስገባታቸውን ተናገሩ። ጸሐፊው ማኅደሩን ሲመለከት ማመልከቻው ሦስተኛው ገጽ ላይ ተገኘ። ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ገቢ ሆኗል፣ አልተነበበም። ቁጥሩን የሰጠው ጸሐፊው ራሱ መሆኑ በዚህ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር ጸሐፊው ጠይቋል፤ ሰፍሯል።

ሰብሳቢው ነገሩ በመጣራቱ መደሰታቸውን ገለጹ። ጥፋቱ የሌላ ሴት ስለሆነ ውሳኔ 4 ስም ብቻ ተለውጦ እንዲጸናም ሐሳብ አቀረቡ። ወይዘሪት ሰገነት እንደ ቆሙ ተቃወሙ።

«እሷም እናት አላት። አፈላልጌ አግኝቻታለሁ፤ ሲሲ ትባላለች። ዛሪማ ምግብ ቤት ነው የምትሠራው። እሷንም ጠይቋት።»

አስፈቅደው ደወሉ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደረገ። ሰብሳቢው የኮሚቴውን ሙሉ ስም፣ የተቋቋመበትን ምክንያትና አጀንዳዎቹን ካስተዋወቁ በኋላ ወይዘሪት ሲሲ መስመሩ ላይ መኖራቸውን ጠየቁ። ነበሩ።

ወይዘሪት ሲሲ የሚከተለውን አስረዱ፦ «ባለካሜራው የሳሙና ማስታወቂያ ነው ብሎኝ ነው። ፀጉሬን ታጠብኩለት። ሳሙናው አይታይም እንዴ?»

ጉባኤው ሳሙና ለመፈለግ ክሊፑን ለስምንተኛ ጊዜ አየ። ሳሙና አልተገኘም።

ሰብሳቢው ስለ ወገቡ እንዴት አድርገው መጠየቅ እንዳለባቸው ለመምረጥ ጊዜ ወሰዱ። በመጨረሻም «በወንዙ ውስጥ ስለ ታየው ዘጠኝ እንቅስቃሴ» ብለው ጠየቁ።

«የምን ዘጠኝ?» አሉ ወይዘሪት ሲሲ። «ድንጋዩ አዳለጠኝ። ልወድቅ ነበር እኮ። አንድ ጊዜ ነው ያዳለጠኝ፤ እሱም ሳቀብኝ።»

አቶ ሙሌ ላፕቶፑን ጎትቶ የወንዙን ክፍል ዝግ አድርጎ ተመለከተ። በእያንዳንዱ ውዝዋዜ ከማንጎው ያው አንድ ቅጠል በያው ቦታ እንደሚወድቅ አገኘ። ባለካሜራው አንድ መንሸራተትን በዝግታ ዘጠኝ ጊዜ ደጋግሞ ማስገባቱን ለጉባኤው አረጋገጠ። ሰብሳቢው ትክክለኛው ቁጥር አንድ ከሆነ በውሳኔ 2 መሠረት ባህል መሆኑን ጠቆሙ። ማንም ሐሳቡን አልደገፈም፤ እሳቸውም ትተውታል።

ወይዘሪት ሲሲ በመቀጠል፣ ምግብ ቤት የሚመጡ ሾፌሮች ክሊፑን እያሳዩአቸው እንደሚስቁ፣ ሰው ሲበዛ ወደ ኩሽና እንደሚገቡ ተናገሩ። መሪጌታ ወንበራቸውን አዙረው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ እኔ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ነኝ። ፊቴን አዙሬ ነበር የተቀመጥኩት፤ ጆሮዬ ግን እዚሁ ነበር። ይቅር በይኝ» አሉ። ወይዘሪት ሲሲ «ኧረ የኔታ፣ እርስዎ ምን አደረጉ» ሲሉ መለሱ። ሌሎቹም በየተራ ይቅርታ ጠየቁ። ሰብሳቢው የጠየቁት በኮሚቴው ስም ነበር፤ ወ/ሮ እሌኒ ትክ ብለው ሲያዩአቸው በራሳቸውም ስም ጨምረዋል።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

ሁለቱ ሴቶች ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉ ተጠየቁ። ወይዘሪት ሲሲ የወንዙ ክፍል በሙሉ ከክሊፑ እንዲወጣላቸው ጠየቁ። ወይዘሪት ሰገነት የገደሉ ክፍል ብቻ እንዲቀር ፈለጉ። ስለ ጭላዳዎቹም ተጠይቀው እንዲቀሩ ፈቅደዋል።

ሰፊ ውይይት ሳያስፈልግ በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወሰነ፦

ውሳኔ 5። ከውሳኔ 1 እስከ ውሳኔ 4 ያሉት በሙሉ ተሽረዋል። ስምንት ጊዜ የታየ ነገር እንዴት ይሻራል ተብሎ በአቶ ሙሌ ለተነሣው ጥያቄ፣ ያየነው እንዳላየን ሳይሆን እንዳልፈረድን ይቆጠር ተብሏል። ማኅተም የተለጠፈበት ቅጂ ዛሬውኑ ከላፕቶፑ እንዲጠፋ፤ ባለካሜራው አቶ ገዱ በማታለል የቀረጸውን ክፍል እንዲያወጣና ሁለቱን ሴቶች ይቅርታ እንዲጠይቅ ደብዳቤ እንዲጻፍለት፤ ደብዳቤው ሳይወጣ በፊት ሁለቱ ሴቶች አንብበው እንዲስማሙበት፤ ወይዘሪት ሰገነት በባህል ቀን እንዲዘፍኑ፤ ወይዘሪት ሲሲም በክብር እንግድነት እንዲገኙና ማረፊያቸው ወ/ሮ እሌኒ ቤት እንዲሆን። ኮሚቴውም ደብዳቤው በወጣ ማግስት ይፈርሳል።

አቶ ያርጋል መንገድ ስላለባቸው ቀድመው ወጡ። ሰብሳቢው ስብሰባው 7፡35 ላይ መዘጋቱን አስታወቁ፤ አባላቱም ፈርመው ተበተኑ።

ስልኩ ግን አልተዘጋም ነበር። ወይዘሪት ሲሲ ለቅዳሜ ምን ልልበስ፣ ደባርቅ ይበርዳል አሉ ብለው እየጠየቁ፣ ወይዘሪት ሰገነት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው እየመለሱ፣ ሁለቱም ይሥቁ ነበር። የአዳራሹ ቁልፍ በጸሐፊው እጅ ስለሆነ ጨዋታቸውን እስኪጨርሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጠብቋል። አዳራሹ የተቆለፈው 8፡20 ላይ ነው።

ጸሐፊ፦ ፀጋው (ፊርማ)